ስንቅ ይዞ ወደ ሩቅ ደሴት

አንባቢ ሆይ፥ በጎንደር ሠርግ ተጠርተው ያውቁ እንደ ሆነ፥ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፥ ድስቱም ለየብቻ ተጥዶ አይተዋል። በዚህ የሚቀየም የለም። ባለ ሠርጉ አራጁን ከጎረቤት ይለምናል፤ ወጥ የሚሠሩትም ሴቶች ከዚያው ወገን ይመጣሉ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። በአገር ቤት ሳሉ የማዕድን ሕግ መጠበቅ ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን ከመካነ ብርሃን ተነሥተው በደባርቅ በኩል ጎንደር ቢወርዱ፥ ከአዘዞም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ውቅያኖስ ተሻግረው በዓለም ዳር ወዳለች ደሴት ቢጓዙ፥ በደመናው ላይ ሳሉ የቀረበልዎን ምግብ ማን አረደው፥ በማን ድስትስ ተሠራ ብለው ማንን ይጠይቃሉ?

አይሁድ ይህን ጥያቄ በየጕዞው ይጠይቃሉ። በሕጋቸው የተፈቀደውን ምግብ «ኮሸር» ይሉታል፤ የሚገባ፥ ብቁ የሆነ ማለት ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ፥ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ይበላል፤ ደም አይበላም። ኦሪትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአይሁድ መምህራን ግን ከዚህ አልፈው ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ እንዳይገናኙ፥ ዕቃቸውም እንዲለይ ደንግገዋል። ስለዚህ ምግቡ የጾም ነው ቢባል እንኳ ለኮሸር ጠባቂ አይበቃውም፤ ድስቱ ምን ሲሠራበት እንደ ኖረ ማወቅ ይፈልጋልና።

በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ዙሪያ የኖሩት ቤተ እስራኤል አውሮፕላን ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈትተውት ነበር። እነርሱ ታልሙድ የሚባለውን የአይሁድ መምህራን መጽሐፍ አያውቁም ነበር፤ ሕጋቸው ኦሪት ነው። ሌላ ሰው ያረደውን አይበሉም፥ ጥሬ ሥጋም አይቀምሱም፤ ከገበያ ወይም ከሩቅ አገር ሲመለሱ ታጥበው ካልሆነ መንደር አይገቡም። ጎረቤት «አትንኩኝ» ብሎ የቀለደባቸው ስለዚህ ነው። ከባዕድ ጋር በልቶ ጠጥቶ የሰነበተ ሰው ወደ ወገኑ ሊመለስ ሲፈልግ ደግሞ፥ ለብዙ ቀን ጥሬ ሽምብራ ብቻ እየበላ ከመንደር ውጭ ይቈይ ነበር።

ለምን ሽምብራ? ኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ፥ በድን የወደቀበት ደረቅ ዘር ንጹሕ ነው፥ ውኃ የነካው ዘር ግን ይረክሳል ይላል። ደረቅ እህል የማንንም ድስት አልነካም፥ የማንም ውኃ አላራሰውም። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ የተሻለ የመንገደኛ ስንቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ አይበላሽም፥ እሳት አይሻም፥ የማን እጅ ሠራው አያሰኝም።

ነገር ግን ስንቅ ያልቃል። በ1854 ዓ.ም. አባ መሃሪ የተባሉ መነኵሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። ኤርትራ ባሕርን እንሻገራለን ብለው ነበር፤ ከትግራይ ግን አላለፉም። በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፥ የተረፉት ተመለሱ። ከ120 ዓመት በኋላ ሌሎች በሱዳን በኩል ሄዱ። ወገናቸውን ሰውረው በስደተኞች ሰፈር ሲቀመጡ፥ ከማያውቁት እጅ የመጣውን ሥጋ አንቀምስም ያሉ ነበሩ። ልጅዎ በረሃብ ሲያለቅስ ሕግን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እስቲ ያስቡት! በመንገድና በሰፈሩ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. የቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት ከካርቱም እያነሡ፥ በብራስልስ በኩል ዞረው ወደ እስራኤል አደረሷቸው። ከሱዳን እስራኤል ቅርብ ነው፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲባል ግን ጕዞው አውሮፓን ያዞር ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1983 ዓ.ም. የሆነው ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ግንቦት 16 እና 17፥ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ወንበሩ በተነቀለለት በአንድ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፈሩ፤ በጕዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። አሁን ቀኑን ይመልከቱ፤ ግንቦት 16 ዓርብ፥ ግንቦት 17 ቅዳሜ፥ ማለት ሰንበት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያከብሩት መጽሐፈ ኩፋሌ በሰንበት መንገድ የሚሄደውን፥ በባሕርም ላይ በመርከብ የሚጓዘውን በሞት ፍርድ ያስፈራራል። ስለ አውሮፕላን አልጻፈም፤ ቢጽፍ ኖሮ ምን እንደሚል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። የአይሁድ መምህራን ግን ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራል የሚል ጽኑ ሥርዓት አላቸው፤ አውሮፕላኖቹን የላከው መንግሥትም በዚሁ ሥርዓት ተደግፎ በሰንበት አበረራቸው። የማዕድም ሕግ እንዲሁ ነው፤ ለሞት የተቃረበ ሰው የተከለከለውን ቢበላ አይኰነንም።

በሰላም ጊዜ የሚጓዝ ሰው ግን ይህ ምክንያት የለውም፤ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አየር መንገዶች የኮሸር ምግብ በትእዛዝ ያቀርባሉ። ትእዛዙ ከበረራው በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት፥ በአንዳንዱ ዘንድ 48 ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት። ምግቡ ተቈጣጣሪ ባለበት ወጥ ቤት ይሠራና በድርብ ይጠቀለላል፥ ይታሸጋል። የአውሮፕላኑ ምድጃ የሁሉም ነውና፥ መጠቅለያው ሳይፈታ ይሞቃል፤ ማኅተሙን ራሱ ተሳፋሪው አይቶ ይከፍተዋል። መልካም ዘዴ ነው፤ ችግሩ አውሮፕላን በተለወጠ ወይም በዘገየ ጊዜ ሳጥኑ በፊተኛው ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አይሁዳዊ መንገደኛ ሳይላጥ የመጣ ፍራፍሬ፥ ለውዝና ደረቅ ዳቦ በቦርሳው አይለየውም። የሽምብራው ጥበብ ተመለሰ ማለት ነው። እርስዎም ጾመኛ ቢሆኑ የጾም ምግብ ቲኬት ሲቈርጡ ይዘዙ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎም ይያዙ። ሽሮ ወጥ ግን በእጅ ሻንጣ አይግባ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በፍተሻ ይቀራልና።

አሁን ደሴቲቱ ደረስን እንበል፤ ኒው ዚላንድ ትሁን። ከአዲስ አበባ ከአንድ ሙሉ ቀን የሚበልጥ መንገድ ነው። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ደሴቲቱ ራሷ የምግብ ሕግ ያላት ሆና ያገኟታል! ከሌላው ምድር በባሕር ተለይታ የኖረች ስለ ሆነች ተባይና የእህል በሽታ እንዳይገባባት አጥብቃ ትፈራለች። የያዙትን ምግብ ሁሉ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የታደሉትን አንድ ፖም በኪስ ረስቶ መውረድ እንኳ 400 የኒው ዚላንድ ዶላር ያስቀጣል። ማር ከቶ አይገባም። ሊበቅል የሚችል ጥሬ እህልም በጥርጣሬ ይታያል፤ ማለት በሰሜን ተራራ ንጹሕ የተባለው ጥሬ ሽምብራ እዚህ ተከሳሽ ይሆናል። ቆሎ ተቈልቷልና የተሻለ ዕድል አለው፤ የሆነ ሆኖ ውሳኔው የመርማሪው ነው። ወረቀቱ ላይ «ምግብ ይዘዋል?» ሲባሉ «አዎን» ይበሉ። አስታውቆ የተወሰደበት ሰው አይቀጣም፤ የሚቀጣው የደበቀ ነው።

ማዕዱ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ቀኑ ይመጣል። ምድር ክብ ናትና በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ቀን የሚለወጥበት መስመር አለ፤ መስመሩን ሰዎች ለመርከብና ለንግድ አመቺ እንዲሆን አሰመሩት እንጂ ኦሪት አላሰመረችውም። ታዲያ በዚያ ደሴት ሰንበት የትኛው ቀን ነው? በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአውሮፓ ጦርነት ሸሽተው በጃፓን ደሴቶች የተጠጉ የአይሁድ ተማሪዎች ይህ ቸገራቸው። ታላቁ የስርየት ጾም በአገሩ አቈጣጠር ረቡዕ፥ መስከረም 21 ይውል ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም በቴሌግራም ጠየቁ። እዚያ የተሰበሰቡት መምህራን ረቡዕ ጹሙ አሉ። ሐዞን ኢሽ በሚባል ስም የታወቁት ሊቅ ግን በተለየ ቴሌግራም ረቡዕ እንዲበሉ፥ ሐሙስ እንዲጾሙ ነገሯቸው። ከተማሪዎቹ መካከል ከሁለቱ መምህራን አንዱንም ላለመድፈር ሁለቱንም ቀን የጾሙ ነበሩ።