ወተት በጉንጬ፦ ከሐይቅ የመኸር ጓዳ

በጥቅምት ሐይቅ አካባቢ ገጠር የገባ ሰው «ምሳ ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም። ምሳው ማሳ ላይ ቆሟል። በቆሎው ደርሷል፣ ከደጋው በኩል የባቄላ እሸት ይወርዳል፣ ማሽላው ራሱን መድፋት ጀምሯል። ሱቅ የሚኬደው ለጨው፣ ለስኳርና ለሞባይል ካርድ ብቻ ነው። ገንዘብ የሌለበት ቤት ሁሉ የሚጠግብበት ወር ካለ ይኸ ነው። ነሐሴ ላይ ግን የዚሁ ቤት ጎታ ወለሉ ይታያል።

የኛ ቤት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። አምባሰል ሲባል ብዙዎቻችሁ ቅኝቱ ነው የሚመጣባችሁ፤ ትንሽ ያነበበ ደግሞ ውጫሌን ሲሰማ የ1881ዱን ውል ያስታውሳል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሆድ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሥራ ስፈልግና በስልኬ ስጽፍ፣ በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳርን ቤተሰቦቼ ጋ አሳልፋለሁ። ለእረፍት እንዳይመስላችሁ፤ እጅ ስለሚፈለግ ነው።

ከእሸት ሁሉ ለኔ አንደኛው ማሽላ ነው። ከተማ ያደጋችሁ መንገድ ዳር የሚጠበሰውን በቆሎ ታውቁታላችሁ፣ የማሽላ እሸት ግን ብዙዎቻችሁ ያያችሁት አይመስለኝም። ጊዜው ጠባብ ነው። ፍሬውን በጥፍር ስትጫኑት ነጭ ወተት ከፈሰሰ ገና ነው፤ ከጠጠረ አልፏል። ሊጥ ሊሆን ሲል፣ ጥፍር ሲያርፍበት ስርጉድ ብሎ ሲቀር ያኔ ራሱ ይቆረጣል። የሚጠበሰው ፍም ላይ ነው፣ ነበልባል ላይ አይደለም። ነበልባል ከላይ ያሳርርና ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። እያገላበጡ ጠብሶ፣ ሰፌድ ላይ አድርጎ በእንጨት መታ መታ፣ ከዚያ በመዳፍ ማሸት፣ ገለባውን እፍ ማለት። በትኩሱ በእፍኝ እፍኝ ነው። ቡና ከተፈላ ደግሞ አቦሉ ላይ ቆሎ የሚያስፈልገው የለም።

በቆሎውንም ቢሆን እናቴ ሁልጊዜ አትጠብሰውም። እሸቱን ፈልፍላ ድንጋይ ላይ ትፈጨዋለች፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ታደርግበታለች፣ በራሱ በበቆሎው ቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ከድና ታበስለዋለች። ውኃ አይገባበትም፣ የራሱ ወተት ይበቃዋል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆናችሁም በብሌንደርና በመጥበሻ ይሠራል፤ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክዳኑን አትክፈቱ፣ በቆሎው ደግሞ የደረቀ አይሁን። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ የጎረቤት በር አስከፍቷል።

ወደ ማሽላው ልመለስ። እናቴ ለእሸት ብላ ለብቻዋ የምታስዘራው ዘር አላት። ስሙ ወተት በጉንጬ ይባላል። ስሙ ራሱ ማስታወቂያ አይደል? ወሎ ውስጥ ማርጩቄ የሚባልም አለ፣ ያም ስሙን ያገኘው ከጣዕሙ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ጨምደድ ይላል፣ ለዓይን አያምርም፣ ሚዛን ላይም ቀላል ነው። ወፍ ደግሞ ይወደዋል። ታናሽ ወንድሜ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው በአብዛኛው ለዚህች ጥግ ነው፤ በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኙ ወንጭፍ። (ኔትወርክ የሚሻለው ማማው ላይ ስለሆነ ቅሬታ የለውም።)

አሁን እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያገኘሁትንና እስከ ዛሬ የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ሁለት ለየት ያሉ አገኙ። ማሽላ ድክመቱ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ማነሱ ነው፤ ልጅን በማሽላ ብቻ ማሳደግ የሚከብደውም ለዚህ ነው። በተራ ማሽላ ላይሲን ከፕሮቲኑ 2 በመቶ ገደማ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ግን ከ3 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ጠቅላላ ፕሮቲናቸውም ከተራው ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱም የመጡት ከኢትዮጵያ ነው። ከወሎ። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ የሚዘራቸው፣ እሸታቸው ተጠብሶ የሚበላ ጨምዳዳ ዘሮች ነበሩ። ወተት በጉንጬ የዚህ ወገን ነው። የዓለም የምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ፐርዱ ሄዶ የተማረው እዚያው አክስቴል ጋ ነው።

ዓመቱን ልብ ብላችኋል? 1973። ጥናቱ በታተመበት ዓመት ዘሩ የተገኘበት ክፍለ ሀገር በረኀብ እያለቀ ነበር። የእኛ ሰው «ሰባ ሰባት» ሲል የኋለኛውን ያስታውሳል፣ ሽማግሌዎቹ ግን ስለ 1965 እና 1966ቱም ያወራሉ። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ አማርትያ ሴንን ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ አንዱ ምዕራፍ ስለዚህ ረኀብ ነው። ሴን ያሳየው ነገር እንቅልፍ ይነሳል። ያን ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የራሱ ምርት ሲጠፋበት፣ ከገበያ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው የተራበው። ረኀብተኛው አስፋልት ዳር ወጥቶ ነበር የተሰበሰበው፤ መንገዱም ይኸው ደሴን ከሰሜን የሚያገናኘው፣ ዛሬ እኔ በሚኒባስ የምመላለስበት ነው።

ይኸን ክፍል ውስጥ ስማረው ፈተና ነበር። ቤት ስመጣ የእናትና የአባቴ ክርክር ሆኖ አገኘሁት።

አባቴ ያቺን ጥግ ጤፍ ሊዘራባት ይፈልጋል። ጤፍ ገንዘብ ነው። «አንቺ የተማርሽው ንገሪያት እንጂ፣» ይለኛል፣ «ወተት በጉንጬ ማን ይገዛል?» እውነቱን ነው፣ ማንም አይገዛም። ገበያ ላይ እህል የሚሸጠው በኪሎና በመልክ ነው። ላይሲን የሚመዝን ሚዛን ሐይቅ ገበያ የለም፤ አዲስ አበባም የለም። ፍሬው ቀላል፣ መልኩ ጨምዳዳ የሆነ ዘር በገበያ ሒሳብ ከሳሪ ነው። ሳይንሱም ቢሆን በዚህ ተቸግሯል፤ ላይሲኑን ይዞ ምርቱን ከፍ ማድረግ ቀላል ሥራ አልሆነም።

እናቴ መልሷ አጭር ነው። «ጤፍ ይሸጣል፤ ይኸ ይበላል።»

ልክ ናት ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቴም ስሜት አይደለም። የጤፉን ነገር ተመልከቱ። ኅዳር ላይ የማዳበሪያው ብድር ይመጣል፣ የልጆች የትምህርት ወጪ አለ፣ ጥር ላይ ሠርግ አለ። ሁሉም ገበሬ እኩል ገንዘብ ስለሚያስፈልገው እኩል ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ብዙው ገበሬ ተመልሶ ገዢ ነው፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። «ለምን አያቆይም?» ይባላል። ባለ ዕዳ አያቆይም። የሚያቆይም ቢኖር ማሽላና በቆሎውን ነቀዝ አለለት። እሸት ግን ማንም ነጋዴ ሳይነካው፣ ዋጋ ሳይወጣለት፣ ከማሳ ወደ ፍም ነው የሚሄደው። ያንን የሚበሉት ደግሞ በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

ለነቀዙ እንኳ መላ ተገኝቷል። ፒክስ የሚሉት ከረጢት አለ፤ ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ የመሰለ ጆንያ። አፉን አጥብቃችሁ ስታስሩት አየር አይገባም፣ ነቀዙ ታፍኖ ያልቃል፣ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ይኸም በመጀመሪያ የተሠራው በእነዚያው በፐርዱ ሰዎች ነው፣ ለምዕራብ አፍሪካ አተር። አባቴ በመጀመሪያ «ላስቲክ እህል ያፍናል» ብሎ አልተዋጠለትም ነበር። ባለፈው ዓመት አንዱን ከረጢት በቆሎ ሰኔ ላይ ሲፈታው ግን ዝም ብሎ በእጁ ዘገነና አሸተተው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ግዙ እያለ የሚነዘንዘው እሱ ነው።

የኅዳር ሥራ ሌላ ነው። ወንዶቹ ጤፉን አጭደው፣ ከምረው፣ አውድማ ያወርዳሉ። ሴቶቹ ከዚያ በፊት አውድማውን በእበት ለቅልቀናል። ጎታው ይፈተሻል፣ የተሰነጠቀው በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ ፀሐይ ያገኘዋል። የኔ ድርሻ ይኼ ምርጊት ነው፤ እጅ እስከ ክርን። በመስከረም የተነቀለው ስንደዶ ቀለም ተነክሮ ደርቋል፣ እናቴና ጎረቤቶቿ ቡና ሲፈላ ስፌታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ሌማት ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ አታልቅም። ለማለቅም አልተጀመረችም መሰለኝ።

ደቦ ቀን ሲሆን ደግሞ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ምጣድ ይጣዳል። አሥራ አምስት ሰው ጠዋትና ቀን ይበላል። ምግቡ ቀላል ነው፦ የማሽላ ቂጣ፣ የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ፣ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴም ተልባ። ብዙ ጊዜ ሥጋ የለም። ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰፈራችን እስላምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በዚያ ላይ የጽጌን ጾም የሚጾም አለ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል። ንፍሮና ሽሮ ግን የሁሉም ነው። ከሐይቁ ቆሮሶ የተገኘ ቀን ይጠበሳል፣ አሳ ደግሞ ማንንም አያጣላም። ለመጠጡ እናቴ ጠላዋን ታቀርባለች፤ ሙስሊም ጎረቤታችን ቀሪቦዋን ይዛ ትመጣለች፣ ጥጉ ላይ ሁለት ጋን ይቀመጣል። ቀሪቦው ቀድሞ ነው የሚያልቀው፤ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው እሱ ይሻላል፣ የጠላው ባለቤቶችም ሲቀዱለት አይቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። አገር የሚለካበት የምርት ሒሳብ ገበሬው ለራሱ ቤት ያመረተውን ጤፍ ይቆጥራል፣ ባይሸጥም። ያንን ጤፍ አበጥራ፣ አስፈጭታ፣ አብኩታ፣ ጋግራ ለአሥራ አምስት ሰው ያቀረበችውን ሥራ ግን አይቆጥርም። ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ ሲለካ የቤት ውስጥ ሥራን ትቶታል፣ መተዉንም ራሱ ተናግሯል፤ እስከ ዛሬ እንደተተወ ነው። ይኸን ለእናቴ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰማችኝና «ምግብ ቤት ከፍቼ ብሸጥላቸውስ?» አለች። ያኔማ ይቆጠራል አልኳት። «አብሽሪ፣ ላለመቆጠሬ እንቅልፍ አላጣሁም። እንጨት ግን የሚያመጣልኝ ሰው ባገኝ» አለች። ለአንድ ደቦ ምግብ የሚነደው እንጨት ስንት ሸክም እንደሆነ እኔም ተሸክሜ ነው ያወቅሁት። ስለ ገጠር ምግብ የሚጻፉ ያማሩ ጽሑፎች ጭሱን የማያነሱት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ዓይን ያቃጥላል፣ ሳል አለው።

ዘሩ አንድ ጊዜ ጠፍቶብን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ሲደርስ እህሉ ማሳ ላይ ነበር። ጤፍ ሰዓቱ ካለፈ ይረግፋል፤ የእኛም ረገፈ። ቤቱ ስንመለስ ጎታው ባዶ ነበር፣ ለዘር የተሰቀለው ማሽላም የለም። የበቆሎና የጤፍ ዘር በዓመቱ ከገበያም ከእርዳታም ተገኘ። ወተት በጉንጬን ግን ማን ይሸጣል? እናቴ ሁለት ዓመት ስትጠይቅ ቆይታ፣ አምባሰል ውስጥ ያለች አክስቷ በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ላከችላት። ሁለት እፍኝ አይሆንም ነበር። የዚያን ዓመት እሸት አልጠበስንም፤ ሁሉም ለዘር ቀረ። ወንድሜ በስንት ልመና አንድ ራስ ብቻ ተፈቀደለት።

ዘንድሮ ጥጓ ሰፋ ብላለች። ጤፉ ላይ በአባቴ ቋንቋ «አራት ፈር» ገብታበታለች፣ እሱም እያየ ዝም ብሏል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ከማሳው ገብታ ራሱ የሞላውን፣ ወፍ ያልነካውን፣ አገዳው ያልታመመውን እየመረጠች በቀይ ክር አሰረች። የታሰረው አይቆረጥም፣ ሕፃን ቢያለቅስም አይጠበስም። ሲደርቅ ከምድጃው በላይ ከማገሩ ላይ ይሰቀላል፤ ያ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ነቀዙን ያርቅለታል። አሥራ አንድ ራስ ቆጠርኩ። አባቴ ጠዋት ሲያልፍ ቆም ብሎ አያቸውና አንድ የላላ ክር አጠበቀ።