«ስቴት»፣ «ኮንሰንት» እና ልጆቻችን የሚያነቧቸው የሕግ ቃላት

ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ አያት ባሉት ሰፈሮቻችን ብዙ ልጆች ትምህርት ቤትንም መድረሳንም ጎን ለጎን ይዘው ያድጋሉ። ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ የሚማሩትም በዚያው ቋንቋ ነው። ቃላቱን ለፈተና ይሸመድዷቸዋል። ትርጉማቸው ግን ቤታቸው ድረስ የሚመጣ ነገር መሆኑን የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

«ስቴት» የሚለውን እንመልከት። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛው ቅጂ፣ አንቀጽ 11 ላይ፣ የመንግሥትንና የሃይማኖትን መለያየት ሲደነግግ በዚህ ቃል ይጠቀማል። አንቀጽ 47 ላይ ግን ያው ቃል ክልል ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ «መንግሥት» ስቴትንም ገቨርንመንትንም ይሸከማል። ገቨርንመንት በምርጫ ይቀየራል፤ ስቴት ሹማምንቱ ቢለዋወጡም ይቀጥላል። ይህን ያልለየ ወጣት አንቀጽ 11ን ሲያነብ ወንበር ላይ ያሉትን ሰዎች ብቻ ያስባል። ፍርድ ቤቱ፣ ወረዳው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱም በቃሉ ውስጥ አሉ።

አዋጅ፣ ደንብና መመሪያም እንዲሁ ይምታታሉ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያን መሥሪያ ቤቶች ያወጣሉ፤ የታችኛው የላይኛውን ሊጥስ አይችልም። አንድ ሠራተኛ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲል በየትኛው አዋጅ የወጣ መመሪያ ነው ብሎ መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም።

ለቤተሰቦቻችን እጅግ የሚቀርበው ግን «ኮንሰንት» ነው፤ ፈቃድ ማለት። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር የሚከፍተው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። በዚህ መሠረት አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አቋቋመ። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ሂባና ውርስ እዚያ ይታያሉ።

መድረሳ የተማረ ልጅ በኒካሕ ጊዜ ልጃገረዷ ተጠይቃ ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ እንደሚቆጠር ያውቃል። አዋጁም የሚመስል ነገር አለው። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይሰማል። እንግዲህ በዚያ ችሎት መዳኘት የማትፈልግ እናት መጥሪያውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቤቷ ብትቀመጥ፣ በሕጉ ዓይን እሺ ብላለች። እምቢታ መነገር አለበት። ከተነገረ ደግሞ ዋጋ አለው፦ በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር፣ አንደኛዋ ወገን አልፈቅድም ብላ ሳለ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠውን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሽሮታል።

ቃሉ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው «ኮንሰንቴ» አለ፤ የእንግሊዝኛው «ኮንሰንት» ወንድም ነው። ሮማ ይህን እንደ ግዴታ ተርጉማ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። ክርክሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አበቃ።

ዛሬ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከዚህ የተሻለ መዝገበ ቃላት ለተማሪ አናውቅም። ልጆች አዋጅ 188ን በሁለቱም ዓምድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ መጥሪያን የሚመለከተው ቦታ ሲደርሱም እናቶችን ከጓዳ ይጥሩ።