መንገዱን ለሚሠሩትም ትምህርት ያስፈልጋል

ልጃችሁን ጠዋት ስትሸኙ «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» ሳትሉ አትቀሩም። ልጁም ምክራችሁን ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ምክር ብቻውን የማይበቃባቸው መንገዶች አሉ። ደብረ ታቦርን እንውሰድ። ከወረታ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ብዙዎች «የቻይና መንገድ» የሚሉት አውራ ጎዳና ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው አህያና ደብተር የያዘው ተማሪ የሚገናኙት እዚያው አስፋልት ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። 14 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አለ እንበል። ትንሽ ልጅ ወይም በዕድሜ የገፉ እናት በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ቢራመዱ ለመሻገር 14 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ከ190 ሜትር በላይ ይጓዛል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ ሩቅ የመሰለው መኪና መሀል ሲደርስ አጠገቡ ነው። አሁን መሀል መንገዱ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ ደሴት ይኑር፤ የመኪናውም ፍጥነት ወደ 30 ይውረድ። ልጁ በአንድ ጊዜ የሚሻገረው 7 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሊጠነቀቀው የሚገባው ርቀትም ወደ 60 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ይህን ስሌት ማወቅ ያለባቸው እንግዲህ ከንቲባው፣ የመንገድ መሐንዲሱ፣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊውና ትራፊክ ፖሊሱ ናቸው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

አዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. የብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከመረጣቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። የከተማዋ ባለሙያዎችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በመንገድ ንድፍና በቁጥጥር ላይ ሠልጥነዋል። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ ውድ ግንባታ ሳይጠብቁ፣ እንደ ቀለም ባሉ ርካሽ ነገሮች ለእግረኛው ቦታ አስፍተውለታል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚያገለግል የአሥር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ስትራቴጂው ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞችንም ይመለከታል። ወረቀቱን መንገድ ላይ የሚያወርደው ግን በየከተማው ያለው ኃላፊ ነው። እሱ ካልሠለጠነ ስትራቴጂው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጥሩ ሥልጠና በአዳራሽ አያልቅም። ሠልጣኙ ሰዓት ይዞ የትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል። በተማሪ መውጫ ሰዓት ስንት ልጅ እንደሚሻገርና መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ይመዘግባል። የሚሻገሩት የሜዳ አህያው መስመር ባለበት ነው ወይስ በሚቀርባቸው ቦታ? ተዳፋት ላይ ብስክሌተኛው የሚሸሽበት ጠርዝ አለው? ደብረ ታቦር ይህን ትምህርት ከታሪኳ ታውቀዋለች። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ መንገዱን ያስጠረጉት ከሩቅ ሆነው በማዘዝ አልነበረም፤ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ነበር።

እናንተስ? በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ከልጃችሁ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሂዱ። መሻገሪያው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። የእግረኛ መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ፣ የት ላይ በቆመ መኪናና በሸቀጥ እንደሚዘጋ ጻፉ። ከዚያ በወላጅ ኮሚቴ በኩል ለቀበሌውና ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አቅርቡ። ኃላፊውንም በተማሪ መግቢያ ሰዓት አብሯችሁ እንዲሻገር ጋብዙት።