ፀሐይም መብራት ታጠፋለች

መብራት ድንገት ሲጠፋብዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? በመስኮት የጎረቤትን ቤት ያያሉ፤ እዚያም ከጨለመ ትንሽ ይጽናናሉ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 ሌሊት በካናዳዋ ኩቤክ ጎረቤት ማየቱ አይጠቅምም ነበር። 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓታት ያህል ያለ መብራት ቆየ። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ነበረች።

150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ እንዴት? የነገሩን ሥር ያገኙት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ፓርከር ናቸው። የፀሐይ ከባቢ አየር ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ስለሚግል ስበቷ ይዞ አያስቀረውም፤ በሴኮንድ መቶዎች ኪሎ ሜትር እየከነፈ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይነፍሳል አሉ። ጽሑፋቸውን የገመገሙት ሁለት ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። (በእኛ በማርኬቲንግ ሰዎች ቤት ሁለት «አይሆንም» ከተሰማ ፋይሉ ይዘጋል!) የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴክሃር ግን፣ ሐሳቡ ባይጥማቸውም፣ ስሌቱ ላይ ስሕተት አጡበትና በ1958 አተሙት። በ1962 ወደ ቬነስ የተጓዘችው ማሪነር 2 ነፋሱን መንገድ ላይ አገኘችው።

ይህን ነፋስ መሬት በማግኔቷ ትመክተዋለች። አንዳንዴ ግን ፀሐይ ግዙፍ የጋለ ጋዝ ደመና ትወረውራለች። ያኔ የመሬት ማግኔት ይናወጣል፤ በረጃጅም የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ውስጥም ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኩቤክን ያጨለማት ይኸው ነው።

በኦገስት 2018 ስማቸውን የያዘችው መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ስትወነጨፍ ፓርከር ፍሎሪዳ ተገኝተው በዓይናቸው አዩ። ያኔ 91 ዓመታቸው ነበር።