ያውቁ ኖሯል? የብስክሌት ኮምፒውተር ቁጥር ሲያሳስት

ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ጌራ በብስክሌት ለሚጓዙ ሁሉ

● የብስክሌት ኮምፒውተርና ገመድ አልባ ሴንሰሮቹ በአብዛኛው የሚገናኙት እንደ ብዙው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ ውሃ ይመጠዋል፤ ገላችን ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። መረጃውን የሚቀበለው ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ ከሆነ ንባቡ ሊቆራረጥ ይችላል፤ መሪው ላይ ቢያስሩት ይሻላል።

● አብዛኞቹ ሴንሰሮች የሚሠሩበት ሲአር2032 ባትሪ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3 ቮልት አለው። ሲደክም ሴንሰሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ይላል።

● የልብ ምት ቀበቶ በደረቅ ቆዳ ላይ በትክክል አያነብም። ላብ እስኪመጣ ከመጠበቅ የሚነካዎትን ክፍል አስቀድመው በውሃ ያርጥቡት።

● የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። መለያ ኮድ በሌላቸው የ5 ኪሎኸርዝ ቀበቶዎች የጎን ጋላቢ የልብ ምት በእርስዎ መስኮት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመርም ያውካቸዋል።

● ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በተሳተፈበት የ2016ቱ ቱር ዴ ፍራንስ 198 ብስክሌተኞች ተነሥተዋል። ዘመናዊ ሴንሰሮች እንዲህ ባለ ግርግር የማይምታቱት እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ነው። የእርስዎንም ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያጣምሩ ሌሎች ብስክሌቶች በሌሉበት ይሁን።

● የጎማዎ ዙሪያ 2,068 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ 2,105 ብለው ቢሞሉ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የጅማ–አጋሮ መንገድ ላይ ያልሄዱት 800 ሜትር ይጨመርልዎታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው አንድ ዙር ያንከባሉት፣ ርቀቱን በሜትር ይለኩ።

● ኮረኮንች መንገድ የጎማውን ማግኔት ከቦታው ያንሸራትታል። ከሴንሰሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከራቀ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል።

● ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ ኮምፒውተር የአየር ጠባይ ሲለወጥም ይሳሳታል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጅማ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ 10 ሜትር ያህል ያዛባል። የክረምት ዝናብ የመለኪያውን ቀዳዳ ሲደፍነውም እንዲሁ፤ ያድርቁት።

● የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀው ይዞራሉ፤ ደካማ ምልክታቸውን በዋንዛ ጥላ ሥር ያለ የቡና ጫካ እርጥብ ቅጠል ያዳክመዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍጥነትን በትክክል የሚነግርዎት የጎማው ሴንሰር ነው።

ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ባትሪውን ይቀይሩ፣ ቀበቶውን ያርጥቡ፣ ማግኔቱን ያጥብቁ፣ ጎማውን ይለኩ። አብዛኛው ስህተት በእነዚሁ ይስተካከላል።