ከመነጽሩ ይልቅ ሙያተኛው ላይ

ጢስ ዓባይ በነሐሴና በጥር አንድ አይደለም። ክረምት ላይ የፏፏቴው ወርድ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ግን ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፤ ከቀረውም ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚደርስ የጥር እንግዳ የነሐሴን ፏፏቴ ማሳየት የሚችል አስጎብኚ ወይም ባለሆቴል አዲስ ሸቀጥ አገኘ ማለት ነው። ሸቀጡን የሚያመርተው ሙያ የቨርቹዋልና የኦግመንትድ ሪያሊቲ ፕሮግራም ሥራ ይባላል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ተመልካቹን በመነጽር ሸፍኖ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ሴቶች የማይገቡበትን የክብራን ገብርኤል ገዳም ውስጡን ለሴት ጎብኚ ማሳየት ይቻላል፤ ፈቃዱ ግን የገዳሙ ነው። ኦግመንትድ ሪያሊቲ በአንጻሩ በስልክ ካሜራ በሚታየው እውነተኛ ቦታ ላይ ሥዕል ይጨምራል። ደላላው ገዢውን ባዶ መሬት ላይ አቁሞ ገና ያልተሠራውን ፎቅ ያሳየዋል።

ሙያውን መማር የሚጀምረው ከመነጽር አይደለም። ጀማሪው በቅድሚያ ሲ ሻርፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ቀጥሎ ዩኒቲ የተባለውን መሥሪያ ይማራል። ዩኒቲ ዓመታዊ ገቢው ከ200 ሺሕ ዶላር በታች ለሆነ ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ የሚሠራበት ብሌንደርም ነፃ ነው። ከባዱ ትምህርት ቁጠባው ነው፤ መነጽሩ ለሁለቱ ዓይኖች በሰከንድ 72 ጊዜና ከዚያ በላይ አዲስ ሥዕል ማቅረብ አለበት። ሥዕሉ ከዘገየ ተመልካቹን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል።

ዋናው ወጪ የት ላይ ነው? ክዌስት 3ኤስ የተባለው መነጽር በ2024 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 300 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ገንዘብ 17 ሺሕ ብር ግድም ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሺሕ ብር በላይ ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልታሰበም። በስልክ የሚሠራው ዘርፍ ግን ገዢው አስቀድሞ በኪሱ ይዞት በሚዞረው ዕቃ ላይ ስለሚሸጥ ለጀማሪም ለባለሀብትም ይረክሳል።

የሰው ኃይሉ መሠረት በከተማው አለ። በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ የተቋቋመው ተቋም ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኮምፒዩተር ተመራቂዎችን ያወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠናም የፕሮግራም መነሻ ይሰጣል፤ ሲጀመር ካቀረባቸው ትምህርቶች መካከል ግን ይህ ሙያ አልነበረም። ስለዚህ ቀሪውን ክፍተት መሙላት የአሠሪው ድርሻ ይሆናል።

ሥራ የሚያዝ ነጋዴ ከመዋዋሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ቢያነሳ ይበጀዋል። አንደኛው፣ የሚረከበው ዙሪያውን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው ወይስ የተሠራ ቅርጽ? በፎቶግራፉ ውስጥ ዞሮ ማየት እንጂ መራመድ አይቻልም፤ ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው፣ በርካሽ ስልክ ላይ ይሠራል ወይ? ሙከራው መደረግ ያለበት በሠሪው ኮምፒዩተር ሳይሆን በደንበኛው ስልክ ላይ ነው። መነጽሩ በየዓመቱ ያረጃል፤ የሠለጠነው ባለሙያ ግን በሚቀጥለውም መነጽር ይሠራል።