ማን ያፍርሰው? ከክስተት ጄኔሬተር ጋር ትውውቅ

ይህን በምታነቡበት ቅጽበት ሚዩን የሚባሉ ቅንጣቶች በሰውነታችሁ ውስጥ እያለፉ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ይወርዳል። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በይጁቤ፣ ከዚያ ይበልጣል፤ ከላያችን ያለው አየር ሳስቷልና። ምንጫቸው ከጠፈር የሚመጣ ፕሮቶን ነው። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየር ኒውክሊየስ ጋር ሲጋጭ ፓዮኖች ይወለዳሉ፣ ፓዮኖቹ ሲፈርሱ ሚዩን ይሆናሉ። ይህን ግጭት በኮምፒዩተር የሚፈጥርልን ሶፍትዌር የክስተት ጄኔሬተር ይባላል።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። የፊዚክስ ሕግ ከአንድ ግጭት ምን እንደሚወጣ በእርግጠኝነት አይነግረንም፣ የዕድሉን መጠን ብቻ ይነግረናል። ጄኔሬተሩ በዘፈቀደ ቁጥሮች እየተመራ ከእነዚያ ዕድሎች አንዱን ይመርጣል፤ የወጡትን ቅንጣቶችም ከነመለያ ቁጥራቸው፣ ከነኃይላቸው፣ ከነመነሻ ነጥባቸው ይዘረዝራል። በዓለም አቀፉ መለያ ሚዩን 13፣ ፓዮን 211 ነው። ከታወቁት ጄኔሬተሮች ፒቲያ ሥሩ በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ይደርሳል። ሄርዊግና ሼርፓም አሉ።

ጄኔሬተሩ ዝርዝሩን ከጻፈ በኋላ ሥራውን የሚረከበው ሌላ ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ ጂአንት ፎር ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቅንጣቶቹን በብረት፣ በአየር፣ በውኃ ውስጥ እያንቀሳቀሰ የት እንደቆሙ፣ ምን እንደመቱ ያሰላል። በሰርን የቅንጣት ምርምር ማዕከል የአትላስ ሙከራ ጄኔሬተሩንና ጂአንት ፎርን አቴና በተባለ ማዕቀፍ፣ የኤልኤችሲቢ ሙከራ ደግሞ ጋውዲ በተባለ ማዕቀፍ ያገናኟቸዋል።

ሰው ሁሉ ስለ ግጭቱ ያወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ርክክቡ ነው፤ በጥቂቱ የሚጻፍለትና ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያበላሸውም እሱ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዕድሜው አጭር የሆነውን ቅንጣት ማን ያፍርሰው? ጄኔሬተሩ ወይስ ጂአንት ፎር? ነገሩ የሁለት ሰው ማሳ ድንበር ነው። ምልክቱ ካልተተከለ ወይ ሁለቱም ያርሱታል፣ ወይ ጦም ያድራል።

ጄኔሬተሩ ስለ አካባቢው አንዳች አያውቅም። ለእሱ ዓለም ባዶ ቦታ ናት። ቅንጣት እንዲያፈርስ ከታዘዘ ዕድሜውን በዘፈቀደ ይመርጣል፣ በቀጥታ መስመር ወደፊት ይወስደዋል፣ እዚያው ያፈርሰዋል። በመንገድ ላይ አየር፣ መግነጢሳዊ መስክ፣ የብረት ቱቦ ቢኖርም አይቆጥረውም። ቢ ሜዞን የተባለው ቅንጣት ከመፍረሱ በፊት የሚጓዘው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲፈጥን ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባዶ ቦታ ነው ብሎ መገመት ለእሱ ጉዳት የለውም። ደግሞም የሚፈርስባቸው መንገዶች እጅግ ብዙ ስለሆኑ በዚህ ላይ የተካኑ እንደ ኢቭትጄን ያሉ ፕሮግራሞች ቢሠሩት ይሻላል። አጭር ዕድሜ ያለው ኬዮን የተባለው ቅንጣት ግን በብርሃን ፍጥነት ሲለካ 27 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፓዮን 7.8 ሜትር፣ ሚዩን ደግሞ 659 ሜትር ዕድሜ አላቸው። እነዚህ ከቁስ ጋር ይገናኛሉ። በትላልቆቹ ሙከራዎች የተለመደው ድንበር 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች የጄኔሬተሩ፣ ከዚያ በላይ የጂአንት ፎር ድርሻ።

አንድ የማስተርስ ተማሪ በክረምት እረፍት ይጁቤ ወላጆቹ ቤት ሆኖ በላፕቶፑ ይህንኑ ይሠራ ነበር። የአየሩን የናይትሮጅን ኒውክሊየስ ለመነሻ ያህል በፕሮቶን ተክቶ፣ 1000 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን ከላይ እየወረወረ፣ ከይጁቤ ሰማይ በላይ ያለውን አየር በጂአንት ፎር ገንብቶ፣ መሬት ላይ የሚደርሰውን ሚዩን ሊቆጥር። ላገኘው ስሄድ፣ «መምህር፣ ሚዩኑ እኛ አገር አይወርድም እንዴ?» አለኝ። ቆጠራው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ነበር። ፋይሉን ከፍተን ሚዩን ሲፈርስ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች መነሻ ነጥብ ስናይ ብዙዎቹ የተወለዱት ከመሬት በታች፣ ዓለቱ ውስጥ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ተማሪው ሥራው እንዲጠናቀቅለት ብሎ ፓዮንና ሚዩን እንዲፈርሱ ፒቲያን አዞታል። ፒቲያ ሳይነኩት እነዚህን አያፈርስም። ሲታዘዝ ግን 4 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ሚዩን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ በባዶ ቦታ ይሸኘዋል፤ በአማካይ ያን ያህል ርቀት ይጓዛልና። መሬቱ ከዚያ ቀድሞ ቢመጣም እሱ አያውቅም። ከሚዩኑ ለጂአንት ፎር የተላለፈው ልጁ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፣ ሚዩኑ ራሱ በይጁቤ ሰማይ አልፎ አያውቅም። ጥቂት የተቆጠሩት ሚዩኖች፣ ፒቲያ ሳያፈርሳቸው የተረፉት ቅንጣቶች እንደገና አየር ሲመቱ ጂአንት ፎር ራሱ የፈጠራቸው ነበሩ። ከፓዮኑም ሌላ ነገር ጠፍቷል። 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፓዮን ከመፍረሱ በፊት በአማካይ 5.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ በዚህ መሐል ከአየር ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍረስና መጋጨት የሚሽቀዳደሙበት ያ ፉክክር የጠፈር ጨረር ጥናት እምብርት ነው። ጄኔሬተሩ ካፈረሰው ፉክክሩ ገና ሳይጀመር አለቀ።

በፒቲያ የዕድሜ ገደብ የሚያደርግ ማብሪያ አለ። 10 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥር ከመጀመሪያው ተጽፎበታል፣ ማብሪያው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አጭር ዕድሜ ያለውን ኬዮን ፒቲያ ያፈርሰዋል፣ ተጠቃሚውም አያስተውልም። ከሌላ ሰው የተቀዳ የቅንብር ፋይል ሳያነቡ ማስኬድ እጅግ የማዝንበት ልማድ ነው። አሃዱም እንዲሁ ነው፦ ፒቲያ በጊጋ፣ ጂአንት ፎር በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይቆጥራሉ። ሳይቀይሩ ያስረከቡት ቅንጣት ኃይሉ አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል፣ ፕሮግራሙም ምንም ስህተት አይጠቁምም።

ሌላው የሚረሳው የእኛው ሰማይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት አካባቢ ነው፤ የምድርን መግነጢስም ሲለካ ኖሯል። ወገቡ ላይ መስኩ አግድም ስለሚተኛ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ፕሮቶን ለመግባት ከ10 ጊጋ ቮልት በእጅጉ የሚበልጥ ጽናት (ሪጂዲቲ) ይጠይቀዋል፣ በስካንዲኔቪያ ግን ከ3 በታች ይበቃል። ለአውሮፓ የተዘጋጀ የፕሮቶን ስርጭት ለጎጃም አይሆንም። ጄኔሬተሩ የሰጡትን ይቀበላል፣ ቦታውን አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ለመጀመሪያ ትምህርትም ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ አገሮች የሚካሄደው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤትም ለተማሪዎቻችን በር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ተማሪዎች ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጽሑፋችሁ ውስጥ የጄኔሬተሩን ስሪት፣ የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻና የትኛው ቅንጣት በማን እንደፈረሰ አስፍሩ። አማካሪዎችም ይህ መረጃ የሌለውን ጽሑፍ አትቀበሉ።